ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ ዕለት

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ፕላኑን አይተናል፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀናል፤ እሑድ እንፈርማለን፤ ሰኞ መሠረት ቆፋሪዎቹ ይመጣሉ። የቀረኝ ሳሮን የምትባለው አርክቴክት “ቢሮዬ ብቅ ይበሉና አንድ ነገር ላሳይዎት” ያለችኝን ማክበር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ግን ለዓመታት አፍኜ የያዝኩትን ነገር አስተፉኝ። ነገር ሲዘበራረቅ ስለማልወድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ። ከኮተቤ መንገድ ወደ እንጦጦ ግርጌ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን የእድሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ከሚቀመጥበት መጋዘን ጋር የተያያዘች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ቀን ተማሪዎች ያጠኑባታል። በሳምንት ሦስት ቀን አመሻሽ ላይ ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ አዋቂ ሴቶች ይመጣሉ፤ አስተምራቸዋለሁ። እነሱ በፊት ለፊቱ በር አይገቡም። በጓሮ ዞረው፣ በመጋዘኑ በኩል፣ በድስቶቹ መሀል ነው የሚገቡት። መንገድ ላይ የሚጠይቃቸው ሰው ካለ “ድስት ልንዋስ ነው” ይላሉ። አንዳንዷ ለማስመሰል ክዳን ይዛ ትመጣለች።

ሰፈሩ እኔን የሚያውቀኝ በመጽሐፍና በቀይ እስክሪብቶ ነው። የእድሩ ደብዳቤ እኔ ሳላርመው አይወጣም። የሠርግ መጥሪያ ካርድ እንኳ ከመታተሙ በፊት ያሳዩኛል። “አስካለ ከሕፃንነቷ መጽሐፍ ላይ ያደገች ናት” ሲሉ እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ። ዋሽቼ አላውቅም። ግን የሰው ሁሉ ጽሑፍ የማርም ሴት ይህን አንድ ስህተት ሳላርም ኖርኩ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ካለ ገበሬ ቤት በአሥራ አራት ዓመቴ ወርጄ ሰው ቤት ተቀጠርኩ። ሀን ከለ የለየሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ደብተሬን ዘንቢል ውስጥ ከቃሪያ ሥር ደብቄ እሄድ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ አምስት ሞልቶኝ ነበር። ከዚያ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ተምሬ ማንም ወደማያውቀኝ ወደዚህ ሰፈር መጣሁ። እዚህ ሲያውቁኝ እያነበብኩ ነው።

አሁን ወደ ፕላኑ። እድራችን የቆርቆሮዋን ክፍል አፍርሶ እውነተኛ ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ወሰነ። ሳሮን የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ሟቹ አባቷ የእድራችን አባል ነበሩ። ፕላኑን በነፃ ሠራችልን። ሐሙስ ዕለት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ፣ ባለሱቁ አቶ ሙደሲርና እኔ ከቀሩት የኮሚቴው ሰዎች ጋር ተሰብስበን ሰፋፊውን ወረቀት ተቀባበልነው።

“ጥሩ ነው። ሰፊ ነው” አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ወረቀቱን እጃቸውን ዘርግተው እያዩ።

“ገልብጠው ነው እኮ የያዙት ጋሽዬ” አላቸው ሙደሲር።

“ተገልብጦ እንዲህ ያማረ፣ ሲቃና ደግሞ አስበው።”

ተሳቀ። ከዚያ “አንቺስ አስካለ? ኃላፊዋ አንቺ ነሽ” ተባልኩ። እኔ ወረቀቱን አልገለበጥኩትም፤ ጽሑፉ የት እንደሚጀምር አውቃለሁና። ከዚያ ያለፈ ግን የቱ መስመር ግድግዳ፣ የቱ በር እንደሆነ አላውቅም ነበር። መጠየቅ ደግሞ አልሆነልኝም። ሰፈሩ በሙሉ እኔን እየጠየቀ እኔ ማንን ልጠይቅ?

“ጥሩ ነው” አልኩ።

ኋላ እንደተረዳሁት ከመካከላችን ያን ወረቀት ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ያጸደቀው ሌላው የገባው መስሎት ነው። ልጅቷ ለፍታ በነፃ ሠርታ “ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ ውለታ ቢስነት መስሎ ታየን። ይሉኝታ ስንት ነገር አስፈርሞናል።

ቅዳሜ መጀመሪያ ሾላ ወርጄ አስቤዛ ሸመትኩ። ሽንኩርት የምገዛው እትዬ ዘነበች ከምላቸው ሴት ነው፤ እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። ከማታዎቹ ተማሪዎቼ አንዷ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል።

“ቤቱ ሊጀመር ነው አሉ” አሉኝ፣ ሽንኩርቱን እየመረጡ።

“ሰኞ።”

“የኛስ መግቢያ? ድስቶቹ የት ሊሄዱ ነው?”

“እሱም መላ ይኖረዋል እትዬ።”

“አደራ። ምራቴ ወረቀት ባመጣች ቁጥር መነጽሬን ረሳሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። መነጽር እንኳ የለኝም እኮ።” ጎረቤት ሻጮች እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ጰ ላይ ደርሻለሁ። ከሱ በኋላ ስንት ቀረኝ?”

“አራት። ቨን ከቆጠርን አምስት።”

“እሷን ተያት፣ እንግዳ ናት። ለአራት ፊደል ብዬ እንግዲህ አልቀርም።”

ዘንቢሌን ይዤ ጉርድ ሾላ፣ ሳሮን ቢሮ ደረስኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ ያጉረመርማል። አጠገቡ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ የሁለት ዓይን መከለያ የሚያህል ነገር ተቀምጧል። ከኋላው እንደ ፈረስ ልጓም ያለ ማሰሪያ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ከትንሽ ጣቴ የወፈረ ረጅም ገመድ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች አንገታቸውን አቅንተው ቆመዋል። የጠረጴዛ መብራት መስለውኝ ነበር።

“እነሱ እርስዎ የት እንደቆሙ የሚያዩ ናቸው” አለችኝ። “ይሄ ቪአር መነጽር ይባላል። ሰው በቤቱ ኮምፒውተር ይጠቀምበት ብለው መሸጥ ሲጀምሩ ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ ነው። አሁንማ ገመድ የሌለው መጥቷል። እኔ ይሄን ከጓደኛዬ አሮጌውን ገዛሁት። ሰው ይስቅብኛል፣ ግን ይሠራል።”

“ምን ያሳያል?”

“ቤታችሁን።”

ሻሼን ፈታሁ። የራሴን መነጽር እንዳደረግሁ ያንን ከላዩ አጠለቀችልኝና ማሰሪያውን አጠበቀችው። ከባድ ነው፤ ጉንጬን ተጫነው። የጎማና የሌላ ሰው ቅባት ይሸታል። ጨለማ። ከዚያ ብርሃን።

ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር።

እንዴት ብዬ እንደማስረዳችሁ አላውቅም። ቴሌቪዥን አይደለም። ቴሌቪዥን ፊት ለፊትህ ነው፤ ይሄ ከኋላዬም አለ። ጣሪያው ከላዬ፣ ወለሉ ከሥሬ ነው። አንገቴን ሳዞር ክፍሉ አብሮኝ አልዞረም፤ እንደ ማንኛውም ቤት ቦታው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እግር የለኝም።

“ሳሮን፣ እግሬስ?”

“እግርዎን አልሠራሁትም እትዬ። ቤቱን ብቻ ነው።”

“አሁን ቆሜአለሁ?”

“ቆመዋል። እኔ አየዎታለሁ።”

መደርደሪያውን ልነካ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ እንደ ጭስ አለፈ። ጠጋ ስል ግን መደርደሪያው ቀረበኝ፣ የእንጨቱ መስመር ታየኝ። ጎንበስ ስል ከሥሩ ያለውን አየሁ። የላይኛው ረድፍ በርጩማ ሳላቆም የምደርስበት ነው፤ ለካ ቁመቴን ለክታልኛለች። ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ፣ የእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ፣ በሩ። ሐሙስ በወረቀት ላይ ያየኋቸው መስመሮች አንድ በአንድ ተነሥተው ቆሙ። “ያ ድርብ መስመር ይሄ ነበር? ያ ክብ ነገር ይሄ ምሰሶ ነው?” እያልኩ ስዞር ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሃያ አራት ዓመቴ የሱቅ ማስታወቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ያነበብኩ ቀን እንዲሁ ነበር የሆንኩት። ለሰው ሁሉ ተከፍቶ ለኔ ብቻ ተዘግቶ የነበረ ነገር ባንድ ጊዜ ወለል ሲል። ያን ዕቃ የሠሩትን ሰዎች አላውቃቸውም። እጃቸው ይባረክ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሳሮን ሳቀች። “አሁን የማታ ተማሪዎችዎ ወንበር ላይ ይቀመጡ። እውነተኛ ወንበር እዚያው ቦታ ላይ አድርጌልዎታለሁ።”

ማታ ተማሪዎች እንዳሉኝ ነግሬያታለሁ፤ ተደብቀው እንደሚመጡ ግን አልነገርኳትም። ወንበሩን በእጄ ዳሰስኩት። አለ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

ፊት ለፊቴ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነበር። ከመስታወቱ ማዶ መንገዱ። መንገዱ ላይ ሰዎች። ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ ሁለት ተማሪዎች። ፊታቸው በደንብ አልተሠራም፤ ሁሉም ወደ ውስጥ ዞረው ቆመዋል።

“እነማን ናቸው?”

“ማንም አይደሉም። ለልኬት ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ የቤቱ ስፋት እንዲታይ።”

ማንም አይደሉም። አውቄአለሁ። ግን ጉልበቴ ገጠመ። ቀኝ እጄ ከጭኔ ላይ ተነሥቶ ወደ ሆዴ መጣ። ምን ሊያደርግ እንደመጣ የገባኝ ቆይቼ ነው። ደብተር ሊደብቅ ነበር። ደብተር በሌለበት፣ ሰው በሌለበት፣ ገና መሠረቱ ባልተቆፈረ ቤት ውስጥ፣ አርባ ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ደብተር ልደብቅ።

እትዬ ዘነበች እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ጰ ላይ አድርገው ታዩኝ። ምራታቸው በመንገዱ ስታልፍ።

“አውልቂልኝ” አልኳት።

“አዞረዎት? መጀመሪያ ቀን ያዞራል።”

አዙሮኝም ነበር። ውኃ ሰጠችኝ። ፊቷ በደስታ ያበራል። ምን ብዬ ልጀምር?

“መስታወቱ ትልቅ ነው” አልኩ።

“የቤቱ ነፍስ እሱ ነው እትዬ። እኛ ሰፈር ሰው ሲያነብ ታይቶ ያውቃል? ሲበላ ይታያል፣ ሲጠጣ ይታያል። የሚያነብ ሰው ይታይ። ልጆች እያዩት ይደጉ።”

መልካም ሐሳብ ነው። አሁንም መልካም ሐሳብ ነው ብዬ አምናለሁ።

“በግድግዳ ቢሆንስ?”

የውኃውን ብርጭቆ ተቀበለችኝ። ከዚያ “እትዬ፣ ሐሙስ ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር” አለች።

“ብዬ ነበር።”

“ምክንያት ይስጡኝ። ‘አልወደዱትም’ ብዬ ብቻ ለኮሚቴው አልነግርም። የተማረ ሰው ነዎት፣ እርስዎ ያሉት ይሰማል። ምክንያቱን ብቻ።”

የተማረ ሰው። ዘንቢሌን አነሣሁ። “ነገ እነግርሻለሁ” ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ፀሐይ መጽሐፍ ያደበዝዛል። አቧራ ይበዛል። ሌባ ያያል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። አራት ምክንያት ጻፍኩ። አራቱም እውነት ናቸው፤ እኔን ከወንበሩ ያስነሣኝ ምክንያት ግን ከነሱ ውስጥ የለም። እሱን ለመጻፍ እስክሪብቶው አልታዘዝ አለኝ።

እሑድ ረፋዱ ላይ የእድሩ አዳራሽ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሳሮን ኮምፒውተሯን በታክሲ አምጥታ፣ ሁለቱን አንገታሞች የእድሩ አግዳሚ ላይ አቁማ፣ ስክሪኑን ሰው እንዲያይ አዙራለች። “ያልተሠራ ቤት ውስጥ መግባት ይቻላል” የሚል ወሬ ተነዝቶ የኮሚቴ አባል ያልሆነውም መጥቷል። እትዬ ዘነበች በሩ አጠገብ ቆመዋል።

መጀመሪያ የገባው ሙደሲር ነው። መነጽሩን አጥልቆ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ገመዱ እግሩ ላይ ተጠመጠመ።

“ሱቄስ?” አለ። “ከመንገዱ ማዶ መሆን ነበረበት።”

“አልሠራሁትም ጋሼ” አለች ሳሮን።

“ታዲያ ይሄ የኛ ሰፈር ነው? ሰዉ ስኳር ከየት ሊገዛ ነው?”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አስቀምጠው ገቡ። ሳሮን እጃቸውን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። እኛ በስክሪኑ የሚያዩትን እናያለን፤ ለእኛ ጠፍጣፋ ነው፤ እሳቸው ግን ውስጡ ናቸው። ቀስ እያሉ ራሳቸውን አዞሩ። ስክሪኑ ላይ ከዘራ የያዙት ሽማግሌ ፊት ለፊት መጡ። ጋሽ ታደሰ ከወንበሩ ብድግ አሉና “ኖር!” አሉ።

መልስ የለም። ጎንበስ እንዳሉ ጠበቁ።

“በእግዜር!” አላቸው ሙደሲር ከኋላ።

የሳቁን ነገር ልተወው። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው እየሳቁ አወለቁት፤ በዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ምልክት ታትሟል። “እኔ ሰባ ዓመት አልፎኝ ይሄን አየሁ። ልጄ ተባረኪ። ወንበሩ ላይ ሆኖ ለአላፊ አግዳሚው ሲነሡ መዋል ይመጣል እንጂ ቤቱስ ቤት ነው። እንፈርም።”

ወረቀቱ ተዘረጋ። ሳሮን አየችኝ። “እትዬ አስካለ የሚሉት ነገር ነበራቸው” አለች።

ተነሣሁና ከወረቀቴ ላይ አነበብኩ። ፀሐይ። “ጣሪያው ወጣ ብሏል፣ ፀሐይ አያስገባም” አለች ሳሮን። አቧራ። “ይታጠባል።” ሌባ። “የብረት ፍርግርግ አለው፣ ፕላኑ ላይ አለ።” ኳስ። “የማይሰበር ዓይነት ነው።” ሁሉንም በትሕትና መለሰች፤ ሁሉም መልስ ልክ ነበር። አራት ምክንያቴ በአራት አፍታ አለቀ።

“ሌላ አለሽ አስካለ?” አሉ ጋሽ ታደሰ፣ እስክሪብቶውን ይዘው።

ወደ በሩ አየሁ። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ተክለውብኛል። እንዳትናገሪ የሚል ዓይን ነው። ልክ ናቸው። የሳቸውንም የሌሎቹንም ምስጢር እዚያ አዳራሽ መሀል ማውጣት አልችልም፣ የኔ አይደለም። የኔ የሆነ አንድ ብቻ ነበር።

“ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ጊዜ ተመልሰው ይቀመጡልኝ” አልኩ።

“እዚያ?”

“እዚያ። መነጽሩን ያድርጉት።”

ግራ ተጋብተው ተቀመጡ። ሳሮን አጠለቀችላቸው። የእድሩን መዝገብ አንሥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና ጣታቸውን ይዤ ገጹ ላይ አሳረፍኩት።

“አሁን እርስዎ ዳኛ አይደሉም። ማንበብ አይችሉም። ሀን ከለ ገና ዛሬ ሊለዩ ነው። ያቺ ዘንቢል የያዘችው ሴት ምራትዎ ናት። እነዚያ ልጆች ከልጅ ልጅዎ ጋር የሚማሩ ናቸው። አሁን ጮክ ብለው ያንብቡ።”

የሚሰማው የኮምፒውተሩ ማጉረምረም ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ምስሉ ወደ ሴትዮዋ ዞረ፣ ወደ ተማሪዎቹ፣ ወደ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ታች። ጋሽ ታደሰ አቀርቅረው ነበር።

“እንዲህ ያለ ሰው ወደዚያ ቤት ይመጣል?” አሉ፣ መነጽሩን ሳያወልቁ።

“አይመጣም። ቤቱ እንዲህ ከሆነ አይመጣም።”

“በምን አወቅሽ?”

“እኔ ነበርኩ።”

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰው ቤት ሠራተኛ እንደነበርኩ፣ ሃያ አራት ዓመቴን፣ ቃሪያውን፣ ደብተሩን። “ከልጅነቷ መጽሐፍ ላይ ያደገች ስትሉ ዝም ብያለሁ። ዛሬ አርሜዋለሁ” ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ታደሰ መነጽሩን አወለቁና ያዩኝ ጀመር። ረጅም አስተያየት ነበር።

“እኔ እኮ” አለ ሙደሲር በመጨረሻ፣ “ልጆቼን የምቆጣው ያንቺን የእጅ ጽሑፍ እያሳየሁ ነው። ‘እሷ በአራት ዓመቷ ጀምራ ነው እንዲህ የሆነችው’ እያልኩ። አሁን ምን ልበላቸው?”

“እውነቱን በላቸው።”

“ይብሳቸዋል። ‘ገና ሃያ ዓመት አለን’ ይሉኛል።”

ትንሽ ሳቅ ተሰማ፣ የዋህ ሳቅ። ከጥግ አንድ ሰውዬ “ቢሆንም ቤቱን ቤት የሚያስመስለው መስታወቱ ነበር” አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ እሱም አልተሳሳተም። ሁላችንም ወደ ሳሮን ዞርን። መስታወቱ የሷ ነው፤ ስንት ቀን የለፋችበት ነው።

ሳሮን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ቤቱ ከላይ ታየ። መስታወቱን ይዛ ከመንገዱ በኩል ነቀለችው። ቦታው ላይ ግድግዳ ቆመ፤ ከሰው ቁመት በላይ ጠባብ መስኮቶች ረድፍ ሠሩ። ከዚያ መስታወቱን ጎትታ ወደ ጓሮው፣ ወደ ተራራው በኩል ወሰደችውና ተከለችው። ሥራው ሲጠቃለል ብዙ ደቂቃ አልፈጀም። መነጽሩን አንሥታ ወደኔ መጣች።

“ትናንት ይህን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አለችኝ በሹክሹክታ። አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

“ትናንት አልቻልኩም።”

አጠለቀችልኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከጀርባዬ ግድግዳ አለ። ፊት ለፊቴ በመስታወቱ ውስጥ እንጦጦ ሽቅብ ይሄዳል። ቸኩላ ያቆመቻቸው ዛፎች ባሕር ዛፍ አይመስሉም ነበር፤ ቅርንጫፋቸው ከታች ይጀምራል። ይህንኑ ነገርኳት። “እሱንም አርማለሁ” አለች። እጄ ጭኔ ላይ ነበር፤ አልተነሣም።

“እጅ ይውጣ” አሉ ጋሽ ታደሰ። ስለማይታየኝ እጅ መውጣቱን የሰማሁት በወንበሮቹ ሲጢጥ ማለት ነው። ተወሰነ። ሰኞ ሊቆፈር የነበረው ሐሙስ ተቆፈረ።

ያ ቀን ያመጣብኝን ልደብቃችሁ አልፈልግም። “ለካ ሠራተኛ ነበረች” የሚል ነገር ጆሮዬ ደርሷል። የልጆቿን የቤት ሥራ ይዛ ትመጣ የነበረች አንዲት እናት መምጣት አቆመች። አስከፍቶኛል። ግን ከዚያ እሑድ በኋላ በመጣው ማክሰኞ፣ የቆርቆሮዋ ክፍል ሳትፈርስ፣ አመሻሽ ላይ በድስቶቹ መሀል አራት አዲስ ሴቶች ገቡ። አንዷ ክዳን አልያዘችም። “አንቺ በሃያ አራት ከሆነ እኔ በሠላሳ ስምንት ምን አለኝ” አለችኝ።

ስለዚያ ጥቁር ዕቃም የማስበውን ልናገር። ጊዜ ያለፈበት ነው ይላሉ፤ ከባድ ነው፣ ያዞራል፣ ገመዱ ያደናቅፋል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ካየኋቸው መሣሪያዎች እንደሱ ያደነቅኩት የለም። ብዙ መሣሪያ ሩቅ ያለውን ያቀርብልናል። ይህኛው እኔን ሌላ ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ ያውም ወንበሩ ሳይኖር፣ ማረም በሚቻልበት ሰዓት። ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ማፈር ለማንም አይጠቅምም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ አንድ ቀን ፊታችሁ ወረቀት ይዘረጋና ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ያኔ “ይሄ መስመር ምንድን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ነገሩ ያልገባውን ሰው ሁሉ ወክላችሁ ነው። ምናልባት ወረቀቱን የዘረጋውም ጭምር ያመሰግናችሁ ይሆናል።

ቤቱ አልቋል። ፊደል ላይ ያሉ ሴቶች ዛሬም በእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ በኩል ገብተው ተራራውን እያዩ ይቀመጣሉ፤ ከመንገዱ ማንም አያያቸውም። አንድ ነገር ግን ሳሮንም እኔም አላሰብንበትም ነበር። ትልቅ ሰው ማንበብ ሲጀምር በልቡ አያነብም፤ ጮክ ብሎ ነው። እትዬ ዘነበች ፊደሉን ጨርሰው ዓረፍተ ነገር የገቡ ሰሞን ድምፃቸው በእነዚያ ከፍ ባሉት መስኮቶች ወጥቶ መንገዱ ላይ ይሰማ ጀመር። አንድ ማታ በር ልዘጋ ብቅ ስል ጋሽ ታደሰ ግድግዳው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ወደ ላይ ሰጥተዋል። ውስጥ እትዬ ዘነበች አንድ ቃል ላይ ተሰናክለው፣ መልሰው፣ ደግመው፣ አለፉት።

“ማን ናት?” አሉኝ።

“አንባቢ ናት” አልኳቸው።